ለኔትወርክ ልጆች፣ ስለ አፕሊንክ ፓወር ከደብረ ማርቆስ

ልጆቼ፣ ሬድዮ ኔትወርክ ላይ ረጅም ዘመን ሠርቼ አሁን ደብረ ማርቆስ ተቀምጫለሁ፣ ከዩኒቨርሲቲ የወጣችሁ ልጆች እየመጣችሁ ስለ ሥራው ትጠይቁኛላችሁ፣ ደስ ይለኛል። ግን ጥያቄያችሁ ሁሉ ስለ ዳውንሊንክ፣ ታወሩ ወደ ስልኩ ስለሚልከው ነው፣ ስፒዱ ስንት ገባ፣ ሲግናሉ ስንት ባር ሞላ ምናምን። እስኪ ዛሬ ስለ አፕሊንክ፣ ስልኩ ወደ ታወሩ ስለሚልከው ልጻፍላችሁ።

ስልካችሁ ላይ ያለው ባር የሚያሳየው ታወሩ ወደናንተ የላከውን ነው እንጂ እናንተ የላካችሁት ታወሩ ጋ መድረሱን አይደለም። ታወር በአንድ ካሪየር (በአንድ የፍሪኩዌንሲ መስመር) 20 ወይም 40 ዋት ይለቃል፣ የተለመደው የኤልቲኢ (የ4ጂ) ስልክ ግን ቢበዛ 23 ዲቢኤም (የፓወር መለኪያ) ነው፣ ማለትም 200 ሚሊዋት። ለዛ ነው ባር እያለ "ሃሎ? ሃሎ? ኧረ አይሰማም!" የሚባለው። የገጠር ሰውም ባለ ቁልፏ ስልክ ትሻላለች ሲል ዝም ብሎ አይደለም፣ 900 ሜጋኸርትዝ ላይ የምትሠራ የጂኤስኤም (የ2ጂ) ስልክ በተራዋ ስትልክ እስከ 2 ዋት ትደርሳለች።

ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ ከስልኩ ጋር የተገናኘውን የመለኪያ ላፕቶፕ ክፈቱና ሌላውን ሁሉ ትታችሁ የስልኩን ትራንስሚት ፓወር፣ የሚልክበትን ጉልበት ብቻ እዩ። አፋፉ ላይ ዝቅ ብሎ ይቆያል፣ ኩርባውን እየታጠፋችሁ ስትወርዱ እየወጣ እየወጣ ይሄድና 23 ላይ ሲደርስ ድርቅ ይላል። ከዛ በኋላ ያለው መንገድ ሁሉ ለስልኩ ጭንቅ ነው፣ ባትሪው በረሃው ላይ ቶሎ የሚያልቅበትም አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ስልኩ በስንት ፓወር እንደሚልክ የሚወስነው ሂሳብ ከባድ አይደለም። ፒ ዜሮ የምንለው ታወሩ በአንድ ሪሶርስ ብሎክ (ለስልኩ በሚሰጥ ትንሽ የፍሪኩዌንሲ ቁራጭ) እንዲደርሰው የሚፈልገው መነሻ ነው፣ እሱ ላይ መንገድ ላይ የጠፋውን ፓዝ ሎስ በአልፋ (ከጠፋው ስንት እጁ እንደሚካካስ በሚወስነው ቁጥር) አባዝታችሁ ትደምራላችሁ፣ የብሎኩን ብዛት በዲቢ (10 ጊዜ ሎጉን) ትጨምራላችሁ፣ የቀረው ታወሩ ጨምር ቀንስ እያለ የሚያርመው ነው። ለምሳሌ ፒ ዜሮ -90፣ አልፋ 0.8 ይሁን። ታወሩ ሥር ያለው፣ ፓዝ ሎሱ 88 ዲቢ የሆነው ስልክ፣ 50 ብሎክ ቢሰጠው እንኳ -2.6 ዲቢኤም ይበቃዋል፣ ግማሽ ሚሊዋት አካባቢ ማለት ነው። ገደሉ ውስጥ ያለው፣ ፓዝ ሎሱ 136 የሆነው ግን ለአንድ ብሎክ ብቻ 18.8 ይፈልጋል፣ ሁለት ሲሆን 21.8፣ ሦስተኛው ላይ 23ን ያልፋል፣ አለቀ። ስፒዱ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ከገጠር ቅሬታ ሲመጣ ብዙ ልጅ መጀመሪያ የሚነካው ፒ ዜሮን ነው፣ 5 ዲቢ ጨምሮ ይገላገላል። ግን ገደል ውስጥ ያለው ስልክ 23 ላይ ቆሟል እኮ፣ ከየት አምጥቶ ይጨምር? የሚጨምረው ገና አቅም ያለው፣ ቅርብ ያለው ስልክ ነው። ገደል ማዶ ያለ ሰው ሲጣራችሁ አጠገባችሁ ያለው ድምፁን ከፍ ቢያደርግ የማዶው ይሰማችኋል እንዴ? ሦስተኛው ትውልድ (3ጂ) ላይ ሁሉም አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ስለሚደራረብ ነገሩ የባሰ ነበር፣ ለዛም ነው ታወሩ በሰከንድ 1500 ጊዜ ጨምር ቀንስ የሚለው። ኤልቲኢ ላይ የአንድ ሴል (አንድ አንቴና የሚሸፍነው አካባቢ) ስልኮች ተለያይተው ስለሚልኩ ጉዳቱ በይበልጥ ጎረቤት ሴል ላይ ያርፋል፣ በተለይ እንደ ጮቄ ባለ ከፍታ ላይ ያለ ስልክ ብዙ ሳይት (የታወር ቦታ) ፊት ለፊቱ ስለሆነ የሱ ፓወር ሩቅ ሩቅ ድረስ ይሄዳል። አልፋን 1 ላይ ከማድረግ 0.7 ወይም 0.8 የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከመንካታችሁ በፊት ፓወር ሄድሩም ሪፖርቱን፣ ስልኩ ስንት አቅም እንደቀረው የሚናገርበትን እዩ። አብዛኛው ኔጋቲቭ ከሆነ ስልኮቹ አቅማቸውን ጨርሰዋል፣ መድኃኒቱ ያለው ታወሩ ጋ ነው፣ አንቴናው፣ ቲልቱ (የአንቴናው ዘንበል ማለት)፣ ዝቅ ያለ ባንድ፣ ካልሆነም አዲስ ሳይት። ቀጥሎ ታወሩ ላይ የሚደርሰውን ኢንተርፈረንስ (ረባሽ ሲግናል) እዩ። ሦስተኛው ትውልድ ላይ ባዶ ሴል -105 ዲቢኤም አካባቢ ነው የሚያሳየው፣ -90 ካያችሁ አንድ ነገር አለ። ከትራፊኩ ጋር ቀን እየወጣ ሌሊት የሚወርድ ከሆነና አንዱ የአንቴና መስመር ላይ ብቻ ከሆነ ኮኔክተር ጠርጥሩ፣ የላላ ወይም ውኃ የገባበት ጀምፐር (አጭር የአንቴና ገመድ) የታወሩን የራሱን ሲግናል አደባልቆ ወደ መቀበያው ይመልሰዋል። ሌት ተቀን ሳይቀንስ የሚቆይ ከሆነ ደግሞ አካባቢው ላይ ሰው በራሱ የተከለው ቡስተር (ሲግናል ማጉያ) ሊኖር ይችላል፣ ወርዳችሁ ፈልጉ። ክረምት ላይ ጭቃው ከባድ ነው አውቃለሁ፣ ግን ቢሮ ተቀምጦ ፓራሜተር በመቀያየር የላላ ኮኔክተር አይጠብቅም።

የግድ ፒ ዜሮን መቀየር ካለባችሁ አንድ ሴል ላይ ብቻ፣ በ1 ወይም በ2 ዲቢ ቀይሩ፣ የድሮውን ቁጥር ጻፉት። ከዛ የጎረቤት ሴሎችን ኢንተርፈረንስ ሙሉ ሳምንት ተከታተሉ፣ በአንድ ቀን ዳታ አትወስኑ፣ የገበያ ቀን ያለው ትራፊክና የሌላው ቀን አንድ አይደለም።