«ቀለብ አልጠይቅም» ብለሽ ከመፈረምሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በስምምነት ልትፋቱ ነው። ሽማግሌዎች ፊት የተጻፈው ወረቀት ልጆቹ አንቺ ጋ ይሁኑ ይላል። የቤት ዕቃውን ላንቺ ይሰጣል። ኮንዶሚኒየሙ በባለቤትሽ ስም ስለሆነ ለእሱ ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ወደፊት የልጆች ቀለብ አልጠይቅም» የሚል አለበት። ፍርድ ቤት ይህንን ዝም ብሎ ያጸድቀዋል ወይ ነው ያልሽው። ማጽደቅ የለበትም።

ጠበቃ አይደለሁም። የምጽፍልሽ ታናሽ እህቴ ስትፋታ አዲስ አበባ ቤተሰብ ችሎት አብሬያት ስመላለስ ያየሁትንና ያኔ ሕጉን ገልጬ ያነበብኩትን ነው።

አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሠራው በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213 ነው። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሌሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ክልል ከሆንሽ የዚያን ጠይቂ። በአዋጁ አንቀጽ 77 መሠረት የፍቺ ስምምነታችሁም፣ ስለ ልጅና ስለ ንብረት የተስማማችሁትም ለፍርድ ቤት ቀርቦ መጽደቅ አለበት። ለምን እንደምትፋቱ ለመናገር ግን አትገደዱም።

ላንቺ ዋናው አንቀጽ 80 ነው። ዳኛው ስምምነቱ የሁለታችሁ እውነተኛ ፈቃድ መሆኑን፣ ከሕግና ከሞራል ጋር አለመጋጨቱን ያያል። የፍቺውን ውጤት፣ ማለትም ልጆችንና ንብረትን የሚመለከተው ክፍል የልጆቹን ደህንነት በበቂ የማይጠብቅ ወይም ከሁለት አንዳችሁን የሚጎዳ ከሆነ፣ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ጉድለቱን ራሱ ማስተካከል ይችላል። ብዙ ሴቶች «ወረቀቱ ላይ ከተናገርኩ ፍቺው ይበላሽብኛል» ብለው ዝም ይላሉ። አይበላሽም። ወረቀቱ ሳይጸድቅ ፍቺው ሊጸድቅ ይችላል።

የእህቴ ስምምነት ላይ «አባት እንደ አቅሙ ይረዳል» የሚል ነበር። እኔ በር ላይ ነበርኩ፤ እንደወጣች ቃል በቃል ነገረችኝ። ዳኛዋ አንብበው ባልየውን «እንደ አቅሙ ማለት ስንት ብር ነው?» አሉት። ዝም አለ። «በወሩ በስንተኛው ቀን? በምን በኩል?» አሁንም ዝም። «ይህንን ባጸድቀው፣ ነገ አልከፈለኝም ብላ ብትመጣ ምኑን ነው የማስፈጽምላት?» ብለው የደመወዝ ማስረጃ ይዞ እንዲቀርብ ቀጠሮ ሰጡ። በቀጠሮው የብሩ መጠን፣ የሚከፈልበት ቀንና ገቢ የሚደረግበት የባንክ ሒሳብ ተጽፎ ጸደቀ።

ሁሉም ችሎት እንዲህ አይመረምርም። መዝገብ ተቆልሎባቸው በችኮላ የሚያዩም አሉ። ስለዚህ ሁሉን ለዳኛው አትተይው። አንቀጽ 78 ፍርድ ቤቱ ሁለታችሁን አንድ ላይም ለየብቻም ማነጋገር እንደሚችል ይላል። ለብቻሽ ከተጠራሽ ያቺ ደቂቃ ትልቅ ናት። እዚያ «አዎ፣ ተስማምቻለሁ» ብለሽ ከወጣሽ ማንም የልብሽን አያውቅልሽም። ለብቻሽ ካልጠሩሽም «ለብቻዬ የምናገረው አለኝ» በይ።

ቀለቡን በተመለከተ፣ እባክሽ ይሄን ያዢልኝ፦ ቀለብ የልጆቹ ነው። አንቺ በዕቃ የምትለውጪው አይደለም። ምግብን፣ መጠለያን፣ ልብስን፣ ሕክምናንና ትምህርትን ይይዛል። መጠኑ የሚቆረጠው የልጆቹን ፍላጎትና የከፋዩን አቅም አይቶ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የመድኃኒት ወጪ፣ ያለሽን ሁሉ ሰብስቢ። እሱ ደመወዝተኛ ከሆነ ቀላል ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ማስረጃ ይጽፋል። ነጋዴ ከሆነ ግን ይከብዳል። ንግድ ፈቃዱን፣ መኪናውን፣ የሱቁን ሁኔታ የሚያውቁ ምስክሮችን ከአሁኑ አስቢ። «ሰላሜን ብቻ» ብለሽ መፈረም እንዳማረሽ ይገባኛል። የሚጎድለው ግን ከልጆቹ ሳህን ነው። ሽማግሌዎቹ በቅን ልብ እንደደከሙ አልጠራጠርም፣ ግን በልጆቹ ስም የመተው ሥልጣን የላቸውም።

አንድ ጊዜ የተቆረጠ ቀለብም እንደተቆረጠ አይቀርም። ኑሮ ሲወደድ፣ ልጆቹ ሲያድጉ፣ ወይም የእሱ ገቢ ሲለወጥ እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል።

ላንቺ ለራስሽ ግን ሌላ ነው። ክርክሩ እስኪያልቅ ፍርድ ቤት ጊዜያዊ ቀለብ ሊያዝልሽ ይችላል። ከፍቺ በኋላ ውጭ አገር እንደምንሰማው ለቀድሞ ሚስት በየወሩ የሚከፈል ቀለብ ሕጋችን አልደነገገም። ለዚህ ነው ኮንዶሚኒየሙን እንዲሁ አትልቀቂ የምልሽ። አንቀጽ 63 በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግሉ መሆኑን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። በትዳር ውስጥ የተገኘ ቤት ከሆነ «በስሜ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃውም። ቀሪ የባንክ ዕዳ ካለም ማን እንደሚከፍል ይጻፍ።

ከጸደቀ በኋላ አንድ ወር ቢያሳልፍ «ያመጣዋል» እያልሽ አትጠብቂ። ያልተጠየቀ ውዝፍ ቀለብ ሦስት ወር ካለፈው፣ ለኑሮ አስፈላጊ መሆኑን ካላስረዳሽ በቀር መጠየቅ አይቻልም። የፍርዱን ግልባጭ ይዘሽ አፈጻጸም ክፈቺ፣ ማለትም ፍርዱ እንዲፈጸምልሽ ለፍርድ ቤቱ አመልክቺ፤ ደመወዝተኛ ከሆነ ከደመወዙ እየተቆረጠ እንዲገባልሽ ጠይቂ።