ሰው ወድቆ ስናይ እጃችንን የሚይዘው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ከአንድ ዓመት በፊት በመሥሪያ ቤታችን የሲፒአር ሥልጠና ወስጄ፣ ማለትም ልቡ የቆመን ሰው ደረት በመጫንና ትንፋሽ በመስጠት መርዳትን ተምሬ፣ የምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ። በቅርቡ በአንድ የሕዝብ መጓጓዣ ጣቢያ በዕድሜ የገፉ ሰው በድንገት ዐይኔ እያየ ወደቁ። ወዲያው ብዙ ሰው ከበባቸው። አንዱ «ቀና አድርጋችሁ አስቀምጧቸው» ይላል፤ ሌላው «አትንኳቸው፣ ሐኪም ይምጣ» እያለ ይጮኻል። እኔም የተማርኩት ሁሉ ጠፋብኝ፤ የባሰ ጉዳት ባደርስባቸውስ ብዬ ፈርቼ ቆምኩ። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ወጣት ሰዉን እየገፋች ገብታ ደረታቸውን መጫን ጀመረች። ከዚያ ቀን ወዲህ ኅሊናዬ ዕረፍት አጥቷል። ሥልጠናው ከንቱ ነበር ማለት ነው ወይስ ጉድለቱ የእኔ ነው? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የገለጹት ነገር በእርስዎ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ ሰው በብዙ ሰው መካከል ሲሆን የሚታይበትና በሚገባ የተጠና ጠባይ ነው። ቢብ ላታኔና ጆን ዳርሊ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳታፊዎቹ በየክፍላቸው ለብቻቸው ተቀምጠው በድምፅ ማስተላለፊያ ሲነጋገሩ፣ ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ የሚጥል በሽታ የተነሣበት የሚመስል ድምፅ እንዲሰሙ ተደርጓል። ድምፁን የሚሰማው ራሱ ብቻ እንደሆነ ካመነው ወገን 85 ከመቶው ድምፁ ሳያበቃ ርዳታ ለመጥራት ሲነሣ፣ ሌሎች አራት ሰዎችም እየሰሙ ነው ብሎ ካሰበው ወገን ግን የተነሣው 31 ከመቶው ብቻ ነበር። ተመራማሪዎቹ ኋላ ወደየክፍሉ ሲገቡ፣ ካልተነሡት ብዙዎቹ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ መዳፋቸውም በላብ ርሶ ነበር። ይህ የግዴለሽ ሰው ምልክት አይደለም። የተመልካቹ ቁጥር በበዛ መጠን እያንዳንዱ «ከእኔ የሚሻል ሰው ይኖራል» ብሎ ስለሚያስብ ኃላፊነቱ ተከፋፍሎ ማንም ሳይሸከመው ይቀራል። እርስዎም የቆሙት ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም።

ሥልጠናዎም ከንቱ አልነበረም፤ ጎደሎ ግን ነበር ብዬ አምናለሁ። አብዛኛው ሥልጠና ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ፣ በንጹሕ ወለል ላይ በተዘረጋ አሻንጉሊት ይሰጣል፤ «አትንኩ» የሚል ጩኸት የለበትም፣ የሚያመነታም የለበትም። ስለዚህ እጅ ይሠለጥናል እንጂ ውሳኔ አይሠለጥንም። በዚያ ላይ ይህ ችሎታ ካልተደገመ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መድከም ይጀምራል። ከዓመት በኋላ መርሳትዎ የሚያስደንቅ አይደለም።

ያስቆመዎትን ፍርሃት ግን በቀጥታ ልመልስልዎ፣ ምክንያቱም ከሁሉ በላይ የብዙዎችን እጅ የሚይዘው እርሱ ነው። ልቡ የቆመ ሰው ደም ወደ አንጎሉ መድረሱን አቁሟል፤ ምንም ካልተደረገለት ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ውስጥ አንጎሉ መጎዳት ይጀምራል፣ በእያንዳንዱ ደቂቃም የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 ከመቶ ይቀንሳል። ሐኪም እስኪመጣ የሚጠበቅበት ጊዜ የሚቆረጠው ከዚሁ ዕድል ላይ ነው። በደረት መጫን የጎድን አጥንት ሊሰበር ይችላል፤ በተለይ በሸመገሉ ሰዎች ላይ የተለመደ ነው፣ ከእጅዎ ሥር የመሰንጠቅ ድምፅ ወይም ስሜት ሊመጣም ይችላል። ይህ ሲሆን የእጅዎን አቀማመጥ አስተካክለው ይቀጥላሉ እንጂ አያቆሙም። የጎድን አጥንት ይጠገናል። «ልባቸው ሳይቆም ብጫንባቸውስ?» ለሚለውም፣ እንዲህ ባለ ሰው ላይ ከባድ ጉዳት የሚደርሰው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ሰውዬው ቢያቃስት ወይም እጅዎን ቢገፋ ያቆማሉ። ስለዚህ ተሳስቶ መጫንና ተሳስቶ መቆም በአንድ ሚዛን የሚቀመጡ ስሕተቶች አይደሉም።

ሌላው ሰዎችን የሚያሸማቅቀው በማያውቁት ሰው አፍ ላይ መተንፈስ ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ ዐዋቂ ሰው በድንገት ሲወድቅ ያየ ሰው ትንፋሽ መስጠት ካልቻለ ወይም ካልፈለገ ደረት መጫኑን ብቻ ሳያቋርጥ ቢያደርግ እንደሚበቃ ገልጿል። ለሕፃናትና ውሃ ውስጥ ለሰጠሙ ሰዎች ግን ችግሩ የሚጀምረው ከአየር እጦት ስለሆነ የሚችል ሰው ትንፋሹንም ይስጥ፤ ልኩ 30 ጊዜ ተጭኖ 2 ትንፋሽ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር እንደገና ቢገጥምዎ፣ ተንበርክከው ትከሻቸውን እየነቀነቁ ጮኽ ብለው ይጥሯቸው። ካልመለሱና ትንፋሻቸው ከጠፋ ወይም የተለመደ ካልሆነ፣ ለሕዝቡ በጅምላ «ርዳታ ጥሩ» አይበሉ፤ በጅምላ የተነገረ ነገር የማንም አይሆንም። በጣትዎ ወደ አንድ ሰው እያመለከቱ «አንተ ባለ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ አምቡላንስ ጥራና መጥራትህን ንገረኝ፤ አንቺ ደግሞ ኤኢዲ ካለ አምጪ» ይበሉ። ኤኢዲ ለልብ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጠው መሣሪያ ነው፤ የልብን ምት ራሱ መርምሮ ንዝረት የሚያስፈልገው ሲሆን ብቻ ስለሚሰጥና እያንዳንዱን እርምጃ በድምፅ ስለሚነግር፣ ያልሠለጠነ ሰውም ሊጠቀምበት ይችላል። ከዚያም የአንድ እጅዎን መዳፍ ሥር በደረታቸው መካከል ያኑሩ፣ ሌላውን እጅ ደርበው ክርንዎን ሳያጥፉ ቢያንስ 5፣ ቢበዛ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይጫኑ፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይሁን፣ በየመካከሉም ደረቱ ሙሉ በሙሉ ተመልሶ እንዲነሣ ይልቀቁ። ይህ አድካሚ ሥራ ስለሆነ ሌላ ሰው ከጎንዎ አንበርክከው በየሁለት ደቂቃው ይፈራረቁ። ያን ጊዜ «አትንኳቸው» ሲል የነበረው ሰው ራሱ ተረካቢ ሊሆን ይችላል፤ መነሻ ያጣ እንጂ ርኅራኄ የጎደለው ሰው ላይሆን ይችላልና።

ወጣቷን ስላስቀደሙ ግን ራስዎን አይኮንኑ። ደረት ከመጫን ሌላ፣ ሰው መበተን፣ መንገድ መክፈት፣ አምቡላንሱን ወጥቶ መቀበል፣ እርሷ ስትደክም መተካት፣ ሁሉም ርዳታ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በሌሊት በድንገት ራሱን ሲስት እያጓራ ይተነፍስ ስለነበር እንቅልፍ መስሎኝ ጥቂት ዘገየሁ። ደግነቱ ተርፏል። የሚተነፍስ ሰው ልቡ ቆሟል ብሎ ማሰብ ይቻላል?

መልስ፦ አዎን፣ ይቻላል፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋውም እዚህ ላይ ነው። ልብ በቆመ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብዙዎች ያጣጥራሉ፤ አየር የሚስቡ ይመስላሉ፣ ያንኮራፋሉ፣ ወይም በረጅም ፋታ አንድ አንዴ አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ። ይህ ከአንጎል ሥር የሚመጣ የመጨረሻ እንቅስቃሴ እንጂ ሕይወትን የሚያቆይ ትንፋሽ አይደለም። አንዳንዶች ለጥቂት ሰከንድ ይንፈራገጣሉና የሚጥል በሽታ ይመስላል። መመዘኛው አጭር ነው፦ ሰውዬው ሲጠሩት የማይነቃ ከሆነና ትንፋሹ የተለመደ ካልሆነ ልቡ እንደቆመ ቆጥረው ይጀምሩ፤ የልብ ምትን በጣት መፈለግ ላልሠለጠነ ሰው ጊዜ ማጥፊያ ነው። ልብ የሚቆመው በአብዛኛው እንደ እርስዎ በቤት ውስጥ ስለሆነ ያለ ሌላ ረዳት ብቻዎን ሊሆኑ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ስልኩን ደውለው የድምፅ ማጉያውን ይክፈቱና ከጎንዎ መሬት ላይ ያስቀምጡት፤ ብዙ የአደጋ ጥሪ ማእከላት እጅዎ ሥራ ላይ ሳለ እንዴት እንደሚጫኑ በቃል ይመሩዎታል።

ጥያቄ፦ በማኅበራችን ለነዋሪዎች የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ሥልጠና ልናዘጋጅ ነው። ሰዉ ተምሮ እንዳይቀር ምን እናድርግ?

መልስ፦ ሥልጠና በስፋትና በቀጣይነት ሲሰጥ ለውጥ እንደሚመጣ ዴንማርክ ጥሩ ማሳያ ናት። አገሪቱ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲፒአርን በትምህርት ቤት፣ ከ2006 ጀምሮ ደግሞ የመንጃ ፈቃድ ለሚያወጡ ሁሉ ግዴታ አድርጋለች፤ ኤኢዲዎችም በየአደባባዩ ተተክለዋል። ከሆስፒታል ውጭ ልባቸው ከቆመ ሰዎች መካከል ባለሙያ ሳይደርስ ከአጠገባቸው የነበረ ሰው ሲፒአር የጀመረላቸው በ2001 እ.ኤ.አ. 21 ከመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ በ2010 ወደ 45 ከመቶ ደርሰዋል፤ ለ30 ቀን በሕይወት የቆዩትም ከ3.5 ወደ 10.8 ከመቶ ከፍ ብለዋል። ለዚህ ሌሎች የሕክምና መሻሻሎችም ድርሻ አላቸው፤ ይሁንና የሕዝቡ እጅ መፍታት ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ እንደሆነ አልጠራጠርም።

ለእናንተ የምመክረው ረጅም ንግግር ቀንሳችሁ እያንዳንዱ ሰው ላብ እስኪያወጣው እንዲጫን፣ በየሦስት ወይም በየስድስት ወሩም ለአጭር ጊዜ እንዲደግም ነው። አሠልጣኙ ሆን ብሎ ሰው አስከብቦ፣ አንዱን «አትንኩ» እያስባለ ያለማምድ፤ ተማሪውም አንድን ሰው ለይቶ ማዘዝን በአንደበቱ ይለማመድ። አሻንጉሊቶቹም ሁሉ የወንድ ደረት ያላቸው አይሁኑ። በአደባባይ የወደቁ ሴቶች ከወንዶች ያነሰ ሲፒአር እንደሚያገኙ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ከሚነገሩት ምክንያቶች አንዱ የሴት ደረት መንካትን መፍራት ነው። ተማሪዎቹ ልብስ የለበሰችና ጡት ያላት አሻንጉሊት ላይ፣ ወንዶቹም ሴቶቹም፣ ሳያመነቱ እንዲጫኑ ይደረግ። እንዲህ ያለ አሻንጉሊት ከሌለ፣ በተራው ላይ ሹራብ አልብሶና ጨርቅ ጠቅጥቆ ማዘጋጀት ይቻላል።