ማይ ውኃ ሳይሆን አበባ ነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የወንድምሽ ሚስት ቬትናማዊት ናት፤ ለምትወለደው ልጅ «ማይ» የሚል ስም አስበዋል። እናትሽ ግን «በግዕዝ ውኃ ማለት አይደል እንዴ? ውኃ ብሎ ስም አለ?» ብለው ከፍቷቸዋል። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ይህ ስም ካላት ቬትናማዊት ጋር ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ቤቷም እንደ ቤቴ ነበር።

ማይ አበባ ነው። በደቡብ ቬትናም በአዲስ ዓመታቸው፣ በቴት፣ የሚፈካ ቢጫ አበባ። ለእናትሽ «የእነሱ አደይ አበባ ነው» በያቸው፣ ወዲያው ይገባቸዋል። ልዩነቱ ይሄኛው ዛፍ ላይ ነው የሚያብበው። ሰሜኖቹ፣ እነ ሀኖይ፣ ለቴት ቤት የሚያስገቡት የኮክ አበባ ነው።

የጓደኛዬ እናት እንደነገሩኝ፣ በዓሉ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው የዛፉን ቅጠል አንድ በአንድ በእጅ ያራግፋሉ። ያኔ እንቡጡ ቶሎ ያድግና ለበዓሉ ይደርሳል። ልክ በዕለቱ ከፈካ ዓመቱ ባለ መልካም ዕድል ነው ይላሉ። ቨርጂኒያ ላይ ዛፉ ብርዱን ስለማይችል፣ እናቲቱ ከደጅ የፎርሲትያ፣ ቢጫ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ፣ ቅርንጫፍ ይቆርጡና ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ያቆሙታል። ደረቅ እንጨት ነው የሚመስለው። ከቀናት በኋላ ግን ሳሎኑ ቢጫ በቢጫ ይሆናል። እሳቸውም ዝም ብለው ቁጭ ብለው ያዩታል።

ስሙ የቆየ ክብርም አለው። ቃሉ ከቻይንኛ የመጣ ነው፤ እዚያ የብርዱ ወቅት ሳይወጣ የሚያብብ የፕለም ዓይነት ነው። የደቡቡ ቢጫ ሌላ ዛፍ ሆኖ ስሙን ወረሰ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1096 ያረፈው ቬትናማዊ መነኩሴ ማን ዛክ ታሞ ሳለ የተወው ግጥም የሚያልቀው፣ አበባው ሁሉ ረገፈ ሲባል ሌሊቱን ደጅ ላይ በተገኘ አንድ የማይ ቅርንጫፍ ነው። እኔ ከዚህ በኋላ ስሙን እንደ ቀላል ልሰማው አልቻልኩም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፣ ድምፁን። ማይ ሲባል ድምፅ አይነሳም፣ አይወርድም። ዝቅ ካደረጋችሁት ቢላ መሳል ይሆናል። እኛ «ገና»ን ስናጠብቅና ስናላላ ትርጉሙ እንደሚለወጠው ማለት ነው።

መካከለኛ ስሟንም ጠይቂ። ሱዋን ማይ ከሆነች የጸደይ ማይ ናት፣ ቱየት ማይ ከሆነች የበረዶ። እንደኛው በራሷ ስም ነው የምትጠራው፤ ስታገባም አትቀይረውም።

በእናቷ ወገን ያሉት አያት በስልክ «ማይ» ብለው ሲጠሯት ድምፃቸውን ቅጂና ለእናትሽ አሰሚያቸው።