ከአይጠየፍ ወጣ የሚባለው የደረት ጌጥ

ጥያቄ፦ አያቴ ሲያርፉ ለእናቴ የተዉላት በደረት ላይ የሚሰካ ጌጥ በእጃችን ይገኛል። በመካከሉ ሽምብራ የሚያህል አረንጓዴ ፈርጥ አለው፤ ዙሪያውን ደግሞ ትናንሽ ነጫጭ ፈርጦች ከብበውታል። በቤተሰባችን ሲነገር እንደኖረው ከንጉሥ ሚካኤል ቤተ መንግሥት ከአይጠየፍ ለቅድመ አያታችን የተሰጠ ነው። ደሴ ለሁለት ነጋዴዎች ብናሳያቸው አንደኛው «የሻኪሶ ኤመራልድ ነው» አለን፤ ሁለተኛው ግን ነጫጮቹ ስለማያበሩ «መስታወት ናቸው፤ ወርቁን በግራም ልግዛችሁ» አለን። ወንድሜ አረንጓዴው ወጥቶ ለቀለበት ይሁን ይላል። ምን ይመክሩናል? (ከሐይቅ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድመው ወንድምዎን ያስታግሡልን። ጌጡ ሳይፈታ ብዙ ሊናገር ይችላል፤ ፈርጡ ከማቀፊያው ከወጣ በኋላ ግን አንድ አረንጓዴ ድንጋይና ጥቂት ግራም ወርቅ ብቻ ይቀርዎታል።

የመጀመሪያው ነጋዴ ግምት በቀላሉ የሚመረመር ነው። በጉጂ ዞን በሻኪሶ አካባቢ የሚወጣው ኤመራልድ በገበያ የታወቀው በ2009 ዓ.ም. ገደማ ስለሆነ፣ አያትዎ ከዚያ በፊት በዚህ ጌጥ ሲያጌጡ ያየ ሰው ካለ ድንጋዩ የሻኪሶ ሊሆን አይችልም። መጽሐፍ ቅዱሳችን መረግድ የሚለው ይህ ድንጋይ በድሮ የመኳንንት ጌጦች ላይ ሲገኝ በአብዛኛው ከኮሎምቢያ፣ ከሙዞና ከቺቮር ማዕድን ማውጫዎች የመጣ ነው፤ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ስፔናውያን ወደ አውሮፓ ሲያሻግሩት፣ ከዚያም በንግድ እስከ ህንድ ነገሥታት ድረስ ደርሷል። ይሁንና ድንጋዩ የኮሎምቢያ መሆኑ ቢረጋገጥ እንኳ ስለ አይጠየፍ ምንም አይመሰክርም።

ለዚያ የሚረዱዎት ሁለተኛው ነጋዴ የናቃቸው ነጫጭ ፈርጦች ናቸው። በድሮ ጊዜ አልማዝ የሚቀረጸው ለሻማና ለኩራዝ ብርሃን ነበር፤ በተለይ ሥሩ ጠፍጣፋ፣ አናቱ እንደ ጽጌረዳ እምቡጥ የሆነው አቀራረጽ በኤሌክትሪክ መብራት ሥር ፈዝዞ ይታያል። ስለዚህ አለማብራቱ መስታወት መሆኑን አያሳይም። በአሥር እጥፍ በሚያጎላ መነፅር ሲታይ ክብ የአየር አረፋ ከተገኘበት ግን በእርግጥ መስታወትን መጠርጠር ይገባል። ዛሬ የምናውቀው 57 ገጽ ያለው አንጸባራቂ ክብ አቀራረጽ ስሌቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። ንጉሥ ሚካኤል ደግሞ በ1906 ዓ.ም. ነግሠው፣ በጥቅምት 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸንፈው የተማረኩ ናቸው። እንግዲህ ትናንሾቹ ፈርጦች በዚህ በአዲሱ አቀራረጽ የተሠሩ ከሆኑ፣ ወይ ጌጡ ከንጉሡ ዘመን በኋላ የመጣ ነው፣ ወይ ፈርጦቹ በኋላ ተተክተዋል። የድሮ አቀራረጽ ከሆኑና አልማዞቹ የተቀመጡበት ብር፣ ጀርባው ወርቅ ከሆነ ግን የቤተሰቡ ትረካ ቢያንስ ከዘመኑ ጋር አይጋጭም። አይጋጭም ማለት ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ ለማረጋገጥ ቅድመ አያትዎ ወይም አያትዎ ጌጡን አድርገው የተነሡት ፎቶግራፍ፣ የኑዛዜ ወረቀት፣ ወይም ጌጡ የመጣበት ሣጥን ያስፈልጋል።

ፈርጥ ማውጣት ምን እንደሚያስከትል ለወንድምዎ ይህን ያጫውቱልን። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1810 ለሙሽራው ለማሪ ሉዊዝ ከሰጣት የኤመራልድና የአልማዝ ጌጥ መካከል አንዱ የራስ አክሊል ነበር። በ1950ዎቹ አንድ የጌጣጌጥ ቤት ገዝቶ 79ኙን ኤመራልዶች እያወጣ በተናጠል ሸጣቸው፤ በምትካቸውም ሰማያዊ ተርኩዊዝ አስገባ። አክሊሉ ዛሬ በዋሽንግተን ስሚዝሶንያን ሙዚየም የሚታየው በተርኩዊዙ ነው።

ለማጽዳት ብለው ወርቅ ሠሪ ዘንድ አሲድ ውስጥ እንዳያስገቡት፣ እሳትም እንዳያስነኩት አደራ። ኤመራልድ በተፈጥሮው በውስጡ ስንጥቅ የሚበዛበት ስለሆነ፣ ስንጥቁ እንዳይታይ ዘይት ማስጠጣት የቆየ ልማድ ነው፤ ሙቀት ሲነካው ዘይቱ ይወጣና ድንጋዩ ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። የደላንታ ኦፓል ውኃ ሲጠጣ መልኩን እንደሚለውጥ እናንተ ወሎዬዎች አሳምራችሁ ታውቃላችሁና ነገሩ አይከብዳችሁም። ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ለስላሳ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። የፈርጦቹ ጀርባ በብረት የተዘጋ ከሆነ ግን ውኃም አይንካው፤ ከሥሩ የተነጠፈ ስስ የብረት ቅጠል ሊኖር ይችላልና ውኃ ከገባ ይጠቁራል።

ጌጡን ሊገዛ የሚፈልግ ሰው መርማሪ ሊሆን አይገባውም፤ በመሣሪያ የሚመረምር፣ ክፍያው ከጌጡ ዋጋ ጋር ያልተያያዘ ባለሙያ ይፈልጉ። ውጭ አገር ልኮ መሸጥ ከታሰበም፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ መሆኑን አስቀድመው ይወቁ።

ለእኛ ፎቶግራፍ የሚልኩልን ከሆነ ከፊቱ ይልቅ የጀርባውን ይላኩልን፤ የመርፌው አሠራርና በብረቱ ላይ የተመታ ማኅተም ካለ የሚገኘው እዚያ ነው።