ለምትሃት ዕቃ ምን ወረቀት ይሻላል? የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ባለፈው ሳምንት «ቤት ውስጥ ለሚሠሩ የምትሃትና የሐሳብ ንባብ ዕቃዎች ስለሚሆን ወረቀት የምትጠይቁት ካለ ወዲህ በሉ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ዘነበ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ መልሻለሁ። የጨዋታዎቹን ሚስጥር ግን አልዘረግፍም። የማወራው ስለ ወረቀቱ ብቻ ነው።

ከሐዋሳ፦ ሰላም ጋሼ። ተመልካች ቃል ጽፎ አራት ላይ የሚያጥፈው ቁራጭ ወረቀት አለ አይደል? የእኔ ሁለት ቀን ከተለማመድኩበት እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ወፍራም ልግዛ?

ወፍራም ከገዛህ ይብስብሃል። ወፍራም ወረቀት ሲታጠፍ የውጭው ፊቱ ይወጠርና ይላጣል። ማተሚያ ቤት «ስንት ግራም?» ሲሉህ የሚጠይቁህ የአንድ ካሬ ሜትሩን ክብደት ነው። 16 የኤ4 ቅጠል ተደርድሮ አንድ ካሬ ሜትር ይሞላል። ስለዚህ 80 ግራም የሚባለው ተራው የፎቶ ኮፒ ወረቀት አንዱ ቅጠል 5 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ለሚታጠፍ ቁራጭ ከዚያ በላይ አትሂድ።

ያንተ ችግር ከክብደቱ ይልቅ አቅጣጫው ይመስለኛል። ወረቀት እንደ እንጨት ነው፤ ክሮቹ ወደ አንድ በኩል ተኝተዋል። ከክሩ ጋር ስታጥፈው እሺ ይላል። ክሩን አቋርጠህ ስታጥፈው ይሰበራል። አቅጣጫውን ለማወቅ መዳፍህን የሚያክል ካሬ ቁረጥ። አንዱን ፊት ብቻ በጣትህ ውሃ አስነካው። ወዲያው እንደ ቧንቧ መጠቅለል ይጀምራል። ቧንቧው ወደተኛበት ነው ክሩም የተኛው። ውሃ ካላገኘህ ቅደደው። በክሩ በኩል ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ በሌላው በኩል ጥርስ እያወጣ ይጠማዘዛል።

አራት ላይ ሲታጠፍ አንዱ እጥፋት ክሩን ማቋረጡ አይቀርም። እንግዲያው ቶሎ ቶሎ የምትከፍተውን እጥፋት ከክሩ ጋር አድርገው።

አንዳንዱ ደግሞ «የጥጥ ወረቀት ፈልጌ ላምጣ?» ብሎኛል። ጥንካሬውን አልክድም። የአሜሪካ ዶላር 75 በመቶ ጥጥ፣ 25 በመቶ ደግሞ የተልባ ክር ነው። አታሚዎቹ ወደፊትና ወደኋላ 4,000 ጊዜ ያህል ካልታጠፈ አይቀደድም ይላሉ። ግን ለተመልካች እንዲህ ዓይነት ወረቀት ስትሰጠው በጣቱ ያሸውና «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላል። አለቀ፣ ነቃብህ። ለልምምድ የፈለግከውን ተጠቀም፤ ለትርዒቱ ግን ሁልጊዜ አዲስ ተራ ቁራጭ። ከአንድ ቅጠል ስምንት ይወጣል፤ ምን ያሳሳሃል?

ከአዲስ አበባ፦ ትንቢቴን፣ ማለትም ተመልካች የሚመርጠውን አስቀድሜ የጻፍኩበትን ወረቀት፣ የማስቀምጠው ነጭ ፖስታ ውስጥ ነው። ወንድሜ «ከውጭ ይነበባል» አለኝ። ቀንቶብኝ ነው ወይስ እውነቱን ነው?

እውነቱን ነው፤ አመስግነው። እኔን ያዋረደኝ ፖስታ ነው። አንድ ትምህርት ቤት የዓመት መዝጊያ ላይ ተጋብዤ ነበር። ትንቢቱን በጥቁር ማርከር ትልቅ አድርጌ ጽፌ ነጭ ፖስታ ውስጥ አሸግሁት። አንዲት ትንሽ ልጅ መድረክ ላይ ይዛው እንድትቆም አደረግሁ። ከኋላዋ መስኮት አለ፣ ፀሐዩ ደግሞ የከሰዓት ፀሐይ። እኔ ገና የቁጥሩን ወሬ እያሞቅኩ ሳለ ከፊት ወንበር አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ሰባት ይላል!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ደግሞ መውጫ በሩን በዓይኔ ፈለግሁ።

ይህ የኔ ብቻ ጣጣ እንዳይመስልህ። ክብ፣ መስቀል፣ ማዕበል፣ ካሬና ኮከብ ያለባቸውን ካርዶች ታውቃቸው የለ? እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካርል ዜነር ያዘጋጃቸው፣ ጄ. ቢ. ራይን ደግሞ «ሐሳብ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል ወይ?» ለሚለው ምርምሩ የተጠቀመባቸው ናቸው። አምስቱ ምልክቶች አምስት አምስት ጊዜ፣ በድምሩ 25 ካርድ። ተቺዎች ከደረሱባቸው ጉድለቶች አንዱ ምን መሰለህ? ከቀደሙት ካርዶች አንዳንዶቹ ስስ ስለነበሩ ምልክቱ ከጀርባ ይታይ ነበር። ለተመራማሪ ውርደት ነው። ለእኛ ትምህርት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቡናማ ካኪ ፖስታ ተጠቀም። ነጭ ካልሆነ አይሆንም ካልክ የፖስታውን ልክ ያህል ጥቁር ወረቀት ቆርጠህ ውስጡን አልብሰው። ባንኮች የሚልኩት ዓይነት፣ ውስጡ ሰማያዊ ዝንጉርጉር ያለበት ፖስታም አሪፍ ነው። ማርከር ግን ተወው፤ ቀለሙ ወረቀቱን ዘልቆ ይወጣል። በእስክሪብቶ ጻፍ፣ ጽሑፉን ወደ ውስጥ እጠፈው። ከዚያ መብራት አጥፋና የስልክህን ባትሪ ከጀርባ አብራበት፤ ፖስታውን ገልብጠህም ድገመው። ካልታየህ ማንም አያየውም።

ከባሕር ዳር፦ የራሴን የመጫወቻ ካርታ አሳትሜ ልሠራ አስቤያለሁ። ስንት ግራም ይሻለኛል?

300 ግራም አካባቢ ይሉሃል፣ እውነትም ወደዚያ ነው። ግን ግራሙ ብቻ ካርታ አያደርገውም። ደህና ካርታ አንድ ወፍራም ወረቀት አይደለም። ሁለት ቀጫጭን ወረቀት መሃላቸው ጠቆር ባለ ማጣበቂያ ተገናኝተው ነው። ያ ጥቁረት ብርሃን አያሳልፍም። ሲታጠፍም ስፕሪንግ ይሆንና ቀጥ ብሎ ይመለሳል። ከላይ ደግሞ የሚያንሸራትት ቅብ አለው። የማተሚያ ቤት 300 ግራም ይህ ሁሉ የለውም። አምስት ጊዜ ከበወዝከው ጥጉ ይገረጣል፣ አሥር ጊዜ ከበወዝከው እንደ በግ ቀንድ ይቆለመማል።

ምክሬን ከሰማህ ሙሉ ካርታ አታሳትም። የተገዛ ካርታ ውሰድና የምትፈልጋቸውን ሁለት ሦስት ካርዶች ብቻ ከዚያው ካርታ ላይ ሥራ። እሽጉ ውስጥ ተጨማሪ ጆከርና የማስታወቂያ ካርድ አይጠፋም፤ ለዚህ ነው የተፈጠሩት። ከመግዛትህ በፊት ልኩን ተመልከት። ፖከር የሚባለው ሰፊው ካርታ 63 በ88 ሚሊሜትር ነው፣ ብሪጅ የሚባለው የጠባቡ ስፋት 57 ነው። ከተቀላቀሉብህ ዓይነ ስውርም ይለያቸዋል።

ማሳተም ግድ የሚሆነው ምልክት ያለባቸውን የሐሳብ ንባብ ካርዶች ስትፈልግ ነው። ያኔ ሁለት 150 ግራም ወረቀት ወስደህ መሃላቸው ጥቁር ቀለም ያለው ቀጭን ወረቀት አስገባና አጣብቅ። የሁለቱም ክር ወደ አንድ አቅጣጫ ይሁን፤ ካልሆነ ካርዱ እንደ ጀልባ ይጎብጣል። ኮላውን ብዙ ውሃ አታጠጣው። ከሥር ከላይ ንጹሕ ወረቀት አድርገህ፣ ከባድ መጽሐፍ ጭነህበት አሳድረው። መቁረጡ ሲደርቅ ነው። ቸኩሎ እርጥቡን የቆረጠ ጠርዙ ይላጥበታል፤ ከራሴ ነው የምነግርህ።

ከአዳማ፦ ካርዱን ላሚኔት ባደርገውስ?

አይሆንም። ያብለጨልጫል፣ ይወፍራል፣ ተመልካች ሊፈርምበት ቢፈልግ ቀለሙ አይይዝም። ላሚኔት ያደረግኩት ራሴ የማነበውን የትርዒት ቅደም ተከተል ብቻ ነው፣ ቡና ስለሚደፋብኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦ እዚህ እቃ የሚላክባቸው የማይቀደዱ ነጭ ፖስታዎች አሉ። ለጨዋታ ይሆናሉ?

ታይቬክ የሚሉት ነው። ወረቀት ይመስላል እንጂ ወረቀት አይደለም፤ የፖሊኤቲሊን ክር ተጋግሮ የተሠራ ነው። ብትጎትተው አይቀደድም፣ ብታርሰው አይበሰብስም። ተመልካች እጅ ላይ እንዳትሰጠው፣ ሲነካው እንደ ጨርቅ ነው። ውስጥ ለውስጥ ግን ወርቅ ነው። የሚገለባበጥ የካርቶን ቦርሳ ወይም ሁለት ጊዜ የሚከፈት ፓኬት የሚሞተው ማጠፊያው ላይ ነው። እዚያች ጋ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል የምትሆን የታይቬክ ቁራጭ ለጥፍና በላዩ ተራ ወረቀት አልብሰው። እኔ የዛሬ ስድስት ዓመት የሠራሁት እስካሁን ይከፈታል፣ ይዘጋል። ካኪው ገጽታው ብቻ ነው ሁለቴ የተቀየረው።

ሌዘር ማተሚያ ውስጥ ግን እንዳታስገባው፤ ማሽኑ ውስጥ ይቀልጣል። ስኮችም ለማጠፊያ አትጠቀም። ዓመት ሳይሞላው ይቢጫል፣ ጠርዙ ሙጫ ያወጣል፣ ሁለቱ ወረቀት ልክ በማይፈልጉት ሰዓት ይጣበቃሉ።

ከጎንደር፦ ጋዜጣ ቀድዶ መልሶ ሙሉ ማድረግ እየተለማመድኩ ነው። አንዳንዴ ቀጥ ብሎ ይቀደዳል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል።

ከላይ ለሐዋሳው ወንድማችን የነገርኩት የክር ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጋዜጣ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ይላል፣ ወደ ጎን ይጠማዘዛል። የመጀመሪያውን ቅደት ከላይ ወደ ታች አድርግ።

የጋዜጣ ወረቀት እንጨቱ ብዙም ሳይጣራ ስለሚሠራ ብርሃን ሲያገኝ ቶሎ ይቢጫል። ሁለት ቅጂ ከፈለግህ በአንድ ቀን የታተመ፣ ከአንድ ሻጭ የተገዛ፣ በአንድ ጨለማ መሳቢያ የተቀመጠ ይሁን። አንዱን መስኮት ዳር ትተህ ሌላውን ቁም ሣጥን ብታስገባ በሳምንታት ውስጥ ወንድማማችነታቸው ይጠፋል። የአዲስ ዘመን ዓይነቱን የሁሉ ሰው ዓይን የለመደውን ጋዜጣ ምረጥ። ከዓይን የራቀ የውጭ ጋዜጣ ይዘህ ከቀረብህ ተመልካች ጨዋታውን ትቶ ጋዜጣውን መመርመር ይጀምራል።

ከዱባይ፦ በእሳት ብልጭ ብሎ የሚጠፋውን ወረቀት እዚህ ቤት መሥራት ይቻላል?

እህቴ፣ ይህን አልመልስም፤ አትሞክሪውም። ያ ወረቀት ናይትሮሴሉሎስ ነው፣ የባሩድ ዘመድ። ለመሥራት የሚያስፈልገው አሲድ ዓይንሽን ያጠፋል፣ የተሠራውም ደርቆ ከተቀመጠ ቤት ያቃጥላል። አምራቾቹ ራሳቸው በውሃ አርሰው ነው የሚልኩት። አውሮፕላን ላይም ይዞ መውጣት ክልክል ነው። ያለ እሳት የሚሠራ ስንት ጨዋታ አለ።

ከደሴ፦ ክረምት ላይ ካርዶቼና ቁራጭ ወረቀቶቼ እንደ እንጀራ ይልከሰከሳሉ። ምን ይሻላል?

ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፣ ሲጠጣ ደግሞ ወደ ክሩ ጎን ያብጣል። ሐምሌ ላይ ልክ የነበረው ፓኬት ጥር ላይ ይላላል። የምትሠራውን በጋ ላይ ሥራ፣ በአንድ ሚሊሜትር ሰፋ አድርገህ። ማስቀመጫህ አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ሣጥን ይሁን። አዲስ ጫማ ውስጥ የሚገኙትን ትናንሽ «አትብላ» የሚሉ ከረጢቶች አትጣል፤ ሁለት ሦስቱን እዚያ ጨምር። ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ችግራችሁ ተቃራኒው ነው። ኤሲው ያደርቀውና ሲታጠፍ ይሰበራል። ትርዒቱ ከመጀመሩ አንድ ሰዓት በፊት ወረቀቱን ከሣጥኑ አውጥታችሁ የክፍሉን አየር አስለምዱት።

ከአዲስ አበባ፦ ጥንታዊ የሚመስል ጥቅልል ያስፈልገኛል። እውነተኛ ብራና ብጠቀምስ?

ይህንን ሁለት ሦስት ሰው ጠይቋል። ብራና አብዛኛውን ጊዜ የፍየል ቆዳ ነው፤ ጥንካሬውን መጻሕፍቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ግን እርጥበት ባየ ቁጥር ይጨማደዳል፣ ውድ ነው፣ ለመማሪያ የሚበላሽ ዕቃም አይደለም። ከሁሉ በላይ እኛ አገር ጥቅልል ብራና ስታወጣ ተመልካች ምትሃት አያይም፤ ክታብ ነው የሚያየው። አንድ ሠርግ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሳወጣ አንዲት እናት ሲያማትቡ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ የሚስቅልህ አይኖርም።

የሥዕል መሥሪያ የሚሆን 200 ወይም 300 ግራም የውሃ ቀለም ወረቀት ግዛ። የቀዘቀዘ ሻይ ቅጠል ውሃ በስፖንጅ አስነካው፣ ጠርዙን በእጅህ ቅደደው፣ ሳይደርቅ ሰብሰብ አድርገህ መልሰህ ዘርጋው። ሻይ ወረቀቱን በጊዜ ብዛት ስለሚያደክመው ሁለት ትርፍ ሥራ።

ከሐዋሳ በድጋሚ፦ ጋሼ፣ ሱቅ ሄጄ የወረቀቱን ግራም የሚነግረኝ አጣሁ።

እሽጉ ላይ ይጻፋል፤ ካልተጻፈ አንድ ቅጠል ለምናቸው። ወይም አንድ ማተሚያ ቤት ሂድና ከመቁረጫው ሥር የሚወድቀውን ቁርጥራጭ ስጡኝ በል። እኔ አብዛኛውን ዕቃዬን የሠራሁት በዚያ ነው። ሲሰጡህ ስንት ግራም እንደሆነ ጠይቅና እዚያው በእርሳስ ጻፍበት። ቤት ከገባህ በኋላ ሁሉም ነጭ ነው።