ለባለ 12 ፈረስ ጉልበት የእጅ ትራክተር ማርሚታ በቤት ስለ መሥራት

ሰላም ለጠያቂው ወንድማችን። ጥያቄዎን እንደተረዳሁት የዎኪንግ ትራክተርዎ ሞተር ባለ አንድ ሲሊንደሩ ኤስ 195 ነው፤ ማርሚታው፣ ማለትም ጭስ መውጫው ላይ ያለው የድምፅ መቀነሻ፣ በዝገት ተበልቶ ተበሳስቷል፤ መተኪያ በአካባቢዎ ስላላገኙ በውሃ ቧንቧ አሠርተው ለመግጠም አስበዋል፤ የቧንቧውን ስፋትና ያለ ማርሚታ በባዶ ቧንቧ ቢነዱት ምን እንደሚያመጣም ጠይቀዋል። እኔ በፎገራ ሜዳ በዚሁ ሞተር ክረምት ሩዝ አርስበታለሁ፣ በበጋ ደግሞ ከርብ ወንዝ ውሃ እየሳብኩ ሽንኩርት አጠጣበታለሁ። ለዚህ ሞተር ሦስት ማርሚታ ሠርቻለሁ፤ የመጀመሪያው ሞተሩን አፈነው፣ ሁለተኛው ተሰነጠቀ፣ ሦስተኛው እስካሁን እየሠራ ነው። ስለዚህ የምጽፍልዎ አብዛኛው ነገር ከሁለቱ ብልሽት የተማርኩት ነው።

የባዶ ቧንቧውን ጥያቄ በአጭሩ ልመልስ። ሞተሩ በባዶ ቧንቧ ይሠራል፤ ጉልበት ይጨምራል የሚባለው ግን በደንብ ከተሠራ ማርሚታ ጋር ሲነጻጸር በእርሻ ላይ የሚታወቅ ልዩነት አያመጣም። የሚጎዳው ጆሮዎ ነው። በቀን ለ8 ሰዓት ከ85 ዴሲቤል በላይ የሆነ ድምፅ የሚሰማ ሰው የመስማት ችሎታው ቀስ በቀስ እንደሚቀንስ የታወቀ ነው፤ ማርሚታ የሌለው ባለ አንድ ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ደግሞ ከዚህ በብዙ ይበልጣል፤ እርስዎም ቀኑን ሙሉ ከኋላው የሚሄዱ ሰው ነዎት።

የመጀመሪያውን ማርሚታ የሠራሁት ድምፁን ብቻ እያሰብኩ ነበር። የቧንቧውን ጫፍ ደፍኜ፣ በጎኑ ላይ በ5 ሚሊሜትር መብሻ 30 ያህል ቀዳዳ በስቼ፣ በላዩ ላይ ሰፋ ያለ ቧንቧ አለበስኩት። ድምፁ እጅግ ለስላሳ ስለነበር ጎረቤቶቼ ሳይቀሩ አመሰገኑኝ። ማሳ ውስጥ ሲገባ ግን ገና ማረሻው መሬት ሲይዝ ጥቁር ጭስ ይተፋ ጀመር፤ የማቀዝቀዣው ውሃም ከወትሮው ቀድሞ ይፈላ ነበር። አንድ ጋራዥ ወስጄው ናፍጣ የሚረጨው ኢንጄክተሩ ነው ተብሎ ተቀየረ፤ ከፍዬ ወጣሁ፤ ጭሱ ግን እንደነበረ ቀረ። በመጨረሻ አንድ ቀን ማርሚታውን ፈትቼ ሳስነሳው ጭሱ ጠፋ።

ምክንያቱን በሒሳብ ማየት ይቻላል። የኤስ 195 ፒስቶን ስፋቱ 95 ሚሊሜትር፣ ምቱ (ፒስቶኑ የሚመላለስበት ርቀት) 115 ሚሊሜትር በመሆኑ ሲሊንደሩ ወደ 815 ሲሲ ይይዛል። ሞተሩ ባለ አራት ምት ስለሆነ፣ ማለትም በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለሚተነፍስ፣ በደቂቃ 2000 ጊዜ ሲዞር 1000 ጊዜ ይተነፍሳል፤ አየሩ ሲሊንደሩን ሙሉ በሙሉ እንደማይሞላው ብናስብ እንኳ በደቂቃ ወደ 700 ሊትር ይስባል ማለት ነው። ይህ አየር በጭነት ጊዜ ከ400 ዲግሪ በላይ ግሎ ሲወጣ መጠኑ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። የአንድ ተኩል ኢንች ቧንቧ የውስጥ ስፋቱ 41 ሚሊሜትር አካባቢ ስለሆነ አፉ ወደ 1320 ካሬ ሚሊሜትር ይሰጣል፤ የእኔ 30 ቀዳዳዎች ግን ተደምረው 590 እንኳ አይሞሉም ነበር። ሞተሩ በዚያች ጠባብ መውጫ የተቃጠለውን ጋዝ ሙሉ በሙሉ ማስወጣት ስላልቻለ ለአዲስ አየር ቦታ አጣ፤ ናፍጣውም በቂ አየር አጥቶ ወደ ጥላሸት ተቀየረ። እኛ ያለንበት ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር አካባቢ በመሆኑ አየሩ ቀድሞውኑ ከባሕር ዳርቻው ወደ 16 በመቶ የሳሳ ነው፤ ስለዚህ በእኛ አገር ከፍታ ሞተርን ማፈን ይበልጥ ይጎዳል።

ከዚያ በኋላ የምጠቀምበት ደንብ የቀዳዳዎቹ ድምር ስፋት ከቧንቧው አፍ እጥፍ እንዲሆን ማድረግ ነው። በ6 ሚሊሜትር መብሻ አንዱ ቀዳዳ 28 ካሬ ሚሊሜትር ስለሚሰጥ 95 ያህል ቀዳዳ ይበቃል። በትራፓኖ 95 ቀዳዳ መብሳት ያሰለቻል፤ ሰልችቶኝ በ60 ላይ ላቆም የዳዳሁበት ጊዜ ነበር፤ እርስዎ ግን አያቁሙ። ቧንቧውንም ወደ አንድ ኢንች አያጥቡት።

ድምፁን የሚቀንሰው ቀዳዳው ብቻ አይደለም፤ ጋዙ በድንገት የሚሰፋበት ክፍል ነው። የክፍሉ ይዘት የሲሊንደሩን ስድስት እጥፍ ያህል፣ ማለትም 5 ሊትር አካባቢ ሲሆን ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ። ለዚህም 12 ሴንቲሜትር ስፋትና 44 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ጥቅል ከ1.5 ሚሊሜትር ላሜራ ያስጠቅልሉ። ባለ አራት ኢንች ወፍራም ቧንቧ ቆርጦ መጠቀም ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብቻውን 7 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን ሞተሩ ሊሸከመው አይገባም። መግቢያው ቧንቧ ከጥቅሉ ርዝመት ሁለት ሦስተኛውን ያህል ገብቶ ጫፉ ይደፈን፣ ቀዳዳዎቹም በዚያ በገባው ክፍል ላይ ይበሱ፤ መውጫው ከሌላው ጫፍ 10 ሴንቲሜትር ያህል ገብቶ ክፍት ይሁን። በመካከላቸው ጥቂት ጣት የሚያህል ክፍተት መኖሩን በያጁ ከመዝጋቱ በፊት ያረጋግጡ። የመስታወት ሱፍ ወይም የብረት ሱፍ እንዳይሞሉበት፤ የናፍጣ ጥላሸትና ዘይት በአጭር ጊዜ ይደፍኑታል። ዝቅተኛው የዱም ዱም ድምፅ እንደሚቀር ግን ከወዲሁ ይወቁ፤ ሞተሩ በሰከንድ 17 ጊዜ ያህል ብቻ ስለሚተኩስ ያን የመሰለ ዝግ ያለ ድምፅ በዚህ መጠን ባለ ክፍል ማጥፋት አይቻልም። የሚጠፋው ጆሮ የሚበሳው ሹል ድምፅ ነው።

ከገጠሙት በኋላ ሞተሩ እንዳልታፈነ በዓይን የሚያዩበት ርካሽ ዘዴ አለ። ከማርሚታው ትንሽ ቀደም ብሎ ቧንቧው ላይ አንዲት ትንሽ ዳዶ አስበይደው በመካከሏ 4 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይብሱ፤ ከእሷ ላይ ወደ አንድ ሜትር የሚሆን ቀጭን የመዳብ ቱቦ ያውጡ፣ ጋዙ በመንገድ ላይ እንዲቀዘቅዝ ነው። የቱቦውን ጫፍ ግንበኞች ውሃ ልክ የሚይዙበት ግልጽ ጎማ ላይ ያስገቡት። ጎማውን ከአንድ ሜትር ተኩል የማያንስ ቁመት ባለው ጣውላ ላይ እንደ መንጠቆ አጥፈው ይሰሩትና እስከ ግማሽ ውሃ ይሙሉት፤ ሌላው ጫፍ ክፍት ይሁን። ውሃው በእያንዳንዱ ትንፋሽ ስለሚደንስ ጎማውን በሽቦ ትንሽ ጨብጠው ያረጋጉት። ሞተሩ ጭነት ላይ እያለ በሁለቱ ክንዶች መካከል የሚታየው ልዩነት፣ በየ10 ሴንቲሜትሩ 1 ኪሎ ፓስካል ያህል ግፊት ማለት ነው። እኔ የለካሁት የወንዝ ውሃ እየሳበ ሳለ ነው፤ ጭነቱ የማይለዋወጥ ስለሆነ ለመለካት ይመቻል። የመጀመሪያው ማርሚታዬ ከአንድ ሜትር በላይ አሳየ፤ ከጎረቤቴ ተውሼ የገጠምኩት የፋብሪካው 35 ሴንቲሜትር፣ ሦስተኛው የእኔ ሥራ ደግሞ 40 ሴንቲሜትር። በሞተርዎ መመሪያ መጽሐፍ የተጻፈ ገደብ ካለ እሱ ይቀድማል።

ስለ ውሃ ቧንቧው ያለኝ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ነጩን ቧንቧ ይተዉትና ጥቁሩን ይግዙ። ነጩ የተለበጠው በዚንክ ነው፤ ዚንክ በ419 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) አጠገብ ያለው ልባጥ አይቆይም፤ ከዚህ የከፋው ግን ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ነው። የበየደልኝ ልጅ ያን ዕለት ማታ እንደ ወባ ብርድ ብርድ ብሎት አደረ። ባዶ የጋዝ ሲሊንደር ወይም የነዳጅ ጀሪካን ቆርጦ ማርሚታ መሥራትም በየመንደሩ ይታያል፤ ውስጡ የቀረ ትነት በግራይንደር ብልጭታ ሊፈነዳ ስለሚችል ፈጽሞ እንዳይሞክሩት።

ሁለተኛው ማርሚታዬ የተሰነጠቀው ከፍላንጁ፣ ማለትም ቧንቧውን ከሞተሩ ጋር በቡሎን ከሚያገናኘው ጠፍጣፋ ብረት፣ ሥር ነው። ንድፉ ደህና ነበር፤ ነገር ግን ጥቅሉን በአንድ ብረት ከትራክተሩ እጀታ ጋር አጥብቄ አስሬው ነበር። ሞተሩና እጀታው እኩል ስለማይንቀጠቀጡ ሁለቱ ሲጓተቱ ብየዳው በሁለት ሳምንት ውስጥ ለቀቀ። ደጋፊው ብረት መያዝ ያለበት ከራሱ ከሞተሩ አካል ላይ ካለ ቡሎን ጋር ብቻ ነው፤ ማርሚታው ከሞተሩ ጋር አብሮ ይንቀጥቀጥ። ፍላንጁን ከ8 ሚሊሜትር ያላነሰ ላሜራ ያሠሩ፤ የቡሎኖቹን ቦታ በግምት ሳይሆን አሮጌውን ፍላንጅ ካርቶን ላይ አስቀምጠው በእርሳስ በመከተል ያውጡ፤ ከበየዱት በኋላም ስለሚጣመም ፊቱን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አድርገው እስኪስተካከል ይሞርዱት። ጓርኒሲዮኑን (በፍላንጁና በሞተሩ መካከል ገብቶ ጋዝ እንዳያፈተልክ የሚይዘውን) እኔ ከቀጭን መዳብ እቆርጣለሁ፤ መዳቡን እስኪቀላ አግሎ ውሃ ውስጥ መንከር ያለሰልሰዋል። ከአሮጌ ዕቃ የተፈታ ግራጫ የጓርኒሲዮን ወረቀት አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን) ሊኖርበት ስለሚችል አይቁረጡት፣ አይፋቁትም።

መውጫው ወዴት ይዙር ለሚለው፣ ወደ ላይና ከእርስዎ ፊት በላይ እንዲሆን አድርጉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስን በ2012 በእርግጠኝነት ካንሰር አምጪ ከሆኑት መድቦታል፤ ከኋላ የሚሄድ ሰው ደግሞ በአግድም የወጣውን ሁሉ ይስበዋል። በዚሁ ሞተር መውቂያ የሚያዞሩ ከሆነ ከጥላሸቱ ጋር የሚወጣ ፍም ገለባ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ስለዚህ ሞተሩን ከክምሩ በነፋሱ ታች በኩል ያቁሙት። የወንፊት መረብ አፉ ላይ የሚያስሩ አሉ፤ እኔም አስሬ ነበር፤ ቶሎ ቶሎ ካልተጠረገ ግን እንደ መጀመሪያው ማርሚታዬ ያፍነዋል።

ወደ ላይ የቆመ ቧንቧ ክረምት ላይ ዝናብ ይጠጣል። የጭስ ቫልቮላው ክፍት ሆኖ ሞተሩ ከቆመ ውሃው እስከ ፒስቶኑ ይወርዳል፤ ውሃ ደግሞ እንደ አየር ስለማይታመቅ ሲያስነሱት ሞተሩን ሊሰብር ይችላል። እኔ የጥቅሉ ዝቅተኛ ቦታ ላይ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ በስቻለሁ፤ ሲያድር ደግሞ አፉን በቲማቲም ድልህ ጣሳ እከድነዋለሁ። ጣሳውን ሳያነሡ ካስነሡት ራሱ ተወርውሮ ይነሣል፤ ብቻ ፊትዎን ያርቁ።

ከገጠሙ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ሞተሩ ሠርቶ ሲቀዘቅዝ የፍላንጁን ዳዶዎች እንደገና ያጥብቁ፤ በሦስተኛው ቀንም ይድገሙት። የሞተርዎን አሮጌ ፍላንጅ ፎቶ ከለጠፉልን የደጋፊውን ብረት ከየትኛው ቡሎን ማንሣት እንደሚሻል አይቼ እነግርዎታለሁ።