ከግጭት በኋላ የግራው ስፖኪዮ መብራት ለምን ይዘገያል?

አንዲት እህታችን ከአዲስ አበባ እንዲህ ስትል ጠይቃለች፦ «ቶዮታ ራቭፎር ነው የምነዳው። ከኋላ በግራ ጥጉ ተገጨ። ፓራውልቱ በስቱኮ ተጠግኖ ቀለም ተቀባ። ከዚያ ወዲህ ጎኔ ላይ መኪና ሲኖር ስፖኪዮው ላይ የሚበራው መብራት በቀኝ በኩል በሰዓቱ ይበራል፤ በግራ ግን ይዘገያል ወይም ጭራሽ አይበራም። ዳሽቦርዱ ላይ የብልሽት ምልክት የለም። ጋራዡ ‹ካሊብሬሽን ብቻ ነው የሚቀረው› ይለኛል። ላሠራው?»

እህቴ፣ ገና ነው። ካሊብሬሽን ማለት ሴንሰሩ በትክክል ወዴት እንደሚያይ በማሽን ማስተካከል ነው። መጀመሪያ ፓራውልቱ ይውረድ።

ስፖኪዮው ላይ ያለው መብራቱ ብቻ ነው። የሚያየው ሴንሰር፣ ማለትም ራዳሩ፣ የተቀመጠው ከኋላ ፓራውልት ጀርባ፣ በግራና በቀኝ ጥግ ነው። መኪናሽ የተመታው ልክ እዚያ ላይ ነው። የራዳር ሞገድ ፕላስቲኩን አልፎ ይወጣል። ወፍራም ስቱኮ ሲያጋጥመው ግን ይዳከማል፤ አቅጣጫውንም ሊስት ይችላል። በአሮጌው ቀለም ላይ አዲስ ሲደረብ፣ በተለይ ሜታሊክ ከሆነ፣ ችግሩ ይብሳል። የመኪናሽ መመሪያ መጽሐፍ እዚያ አካባቢ ስቲከር እንኳ አትለጥፉ የሚለው ለዚህ ነው። የቀለም ውፍረት እንለካ ቢሉሽ፣ ለቆርቆሮ የሚሠራው በማግኔት የሚለካ መሣሪያ ፕላስቲክ ላይ አያነብም።

ምልክት ያልበራው ኮምፒውተሩ ሴንሰሩ ኤሌክትሪክ እንደደረሰውና መልስ እንደሚሰጥ ስለሚያውቅ ነው። ወዴት እያየ እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አያውቅም።

ፓራውልቱ ሲወርድ መጀመሪያ የሚታየው የሴንሰሩ መያዣ ነው። 5 ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ፣ 20 ሜትር ርቀት ላይ 1.75 ሜትር ያህል ይስታል። ይህ 3.5 ሜትር ስፋት ያለው የአንድ መኪና መስመር ግማሽ ነው። በዓይን ስታይው ግን ደህና ይመስላል። እኔ ካርቶን እጠቀማለሁ። በደህናው በቀኙ በኩል የሴንሰሩንና የላሜራውን ልክ በካርቶን ቆርጬ አወጣለሁ፤ ከዚያ ካርቶኑን ገልብጬ በግራው ላይ እገጥመዋለሁ። ክፍተት ካለ መያዣው ወይም ከኋላው ያለው ላሜራ ተጣሟል ማለት ነው። ላሜራው ይቀናል። የተሰበረ መያዣ ግን ይቀየራል፤ በሙጫ ወይም በማሰሪያ አይያዝም። አንድ ጊዜ ይህን ሳላይ ካሊብሬት አድርጌ መኪና አስረክቤአለሁ። ማሽኑ «አልፏል» ብሎኝ ነበር። ባለቤቱ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ፓራውልቱን ሳወርደው ሴንሰሩ በላስቲክ ማሰሪያ ታስሮ ይወዛወዛል። ከዚያ ወዲህ ሳልፈታ አልጀምርም።

መያዣው ደህና ከሆነ ጥፋቱ የፓራውልቱ መሆኑን የሚለይ ቀላል ሙከራ አለ። መኪናሽ ወደ ኋላ ስትሄጂ ከጎን የሚመጣ መኪና ካስጠነቀቀሽ፣ ሥራውን የሚሠሩት እነዚሁ ሴንሰሮች ናቸው። ሰፊ ግቢ ውስጥ፣ አንዴ ፓራውልቱ ተገጥሞ፣ አንዴ ደግሞ ወርዶ ሴንሰሮቹ እንደተሰኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዢ፣ እግርሽን ከፍሬን ሳታነሺ ማርሹን ኋላ አስገቢ። ሌላ ሰው በመኪና ቀስ ብሎ ከግራ በኩል መጥቶ ከኋላሽ በአግድም ይለፍ። ፓራውልቱ ተገጥሞ ዝም ያለው ሴንሰር ሲወርድ ከጮኸ፣ ያ ስቱኮ አፍኖታል። መፍትሔው ጥጉ ያልተጠገነ ፓራውልት ነው። ኢንሹራንስ ካለሽ ይህንን አሳይተሽ ተከራከሪ።

ካሊብሬሽኑ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የጎማ ነፋስ ይስተካከላል፣ ዕቃ ይወርዳል፣ መኪናው ደልዳላ ወለል ላይ ይቆማል። ማሽኑ በሚያዘው ርቀትና ከፍታ የብረት አንጸባራቂ ይቆማል። ርቀቱ በሜትር ይለካል እንጂ በግምት አይሆንም። በአካባቢው ሌላ መኪናም ሆነ የብረት መደርደሪያ መኖር የለበትም፤ ራዳሩ እሱንም ያያል። ጠባብ ጋራዥ ውስጥ መኪና በመኪና ላይ ተደርድሮ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጊ። አንዳንድ ሞዴል እየተነዳ ራሱን ያስተካክላል፤ የትኛው እንደሆነ የሚወስነው የአምራቹ መመሪያ ነው። ከሥራው በፊትና በኋላ ከመኪናው ኮምፒውተር የተነበበውን የብልሽት ኮድ በወረቀት ተቀበዪ።

መጨረሻ ላይ ባለሙያውን አጠገብሽ አስቀምጠሽ ሰፋ ባለ መንገድ ንጂ። መኪኖች በግራ ይለፉሽ። የግራው እንደ ቀኙ በሰዓቱ ካልበራ ገንዘቡን አትክፈዪ። እስከዚያው ወደ ግራ ስትወጪ አንገትሽን አዙረሽ እዪ፤ የሚቀድምሽ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው።